ልጄ ትምህርት ሊጨርስ ነው፤ በሰዓት 3 ዶላር የሚከፍል ቦታ ይግባ?

የናቲ እናት (ሴንት ፖል) | ጃንዋሪ 12፣ 2025

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁልጊዜ አንብቤ ዝም ብዬ ነው የምወጣው። ዛሬ ጭንቄን ይዤ መጣሁ።

ልጄ ናቲ 20 ዓመቱ ነው። ኦቲዝም አለው። ንግግሩ አጭር ነው፣ ሁለት ሦስት ቃል ይበቃዋል። አሁን ከሃይስኩል በኋላ ያለው የትራንዚሽን ፕሮግራም ውስጥ ነው። እሱም ሚኒሶታ ላይ 22 ሲሞላው ያበቃል። ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤት ስብሰባ ጠሩኝና "ቀጥሎስ ምን አስባችኋል?" አሉኝ። እኔ ምን አስባለሁ? ሌሊት እሠራለሁ፣ ቀን እተኛለሁ። የማስበው የቤት ኪራይ ነው።

አንድ ቦታ አስጎበኙኝ። ስሙን አልጠራም። ትልቅ አዳራሽ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ሠራተኞቹም ደግ ናቸው። ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው የፕላስቲክ ሹካ፣ ቢላና ናፕኪን ላስቲክ ውስጥ ይከታሉ። ስንት ይከፈላቸዋል ብዬ ጠየቅሁ። "እንደየፍጥነታቸው ነው። ያንቺ ልጅ በሰዓት 3 ዶላር አካባቢ ያገኝ ይሆናል" አለችኝ አስጎብኚዋ። የተሳሳትኩ መስሎኝ ደግሜ ጠየቅሁ። ሦስት ነው። ሕጋዊ ነው አለችኝ።

ባለቤቴ "ቢያንስ ከቤት ይወጣል" ይላል። እህቴ ደግሞ "ምን አድርጊ ብሎሽ ነው የምታሠሪው፣ ኤስ ኤስ አይ፣ የመንግሥት የወር ድጎማው፣ አለው አይደል፣ ይቀመጥ" ትላለች። እኔ መሐል ቤት ቀረሁ። ያለፈበት ሰው ካለ ምከሩኝ።

አጃቢው | ጃንዋሪ 12

እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽ። ስምንት ዓመት ጆብ ኮች፣ ማለትም አካል ጉዳተኛን ሥራ ቦታው ላይ አብሮ ሆኖ የሚያለማምድ፣ ሆኜ ሠርቻለሁ። ከዚያ በፊት ሦስት ዓመት ልክ አንቺ ያየሽው ዓይነት አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ። ስለዚህ ሁለቱንም ጎን አውቀዋለሁ።

ሕጋዊ ነው ያለችሽ እውነቷን ነው። ሚኒመም ዌጅን (ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል) ለመላው አሜሪካ ያመጣው የ1938ቱ የፌዴራል ሕግ አንቀጽ 14(ሲ) የሚባል ቀዳዳ አለው። ከሌበር ዲፓርትመንት (ከፌዴራሉ የሠራተኛ ሚኒስቴር) ሰርተፊኬት ያወጣ ድርጅት አካል ጉዳተኛን ከሚኒመም በታች ሊከፍል ይችላል። ስሌቱ እንዲህ ነው። ጉዳት የሌለበት ሰው በሰዓት ስንት ላስቲክ እንደሚሞላ ይለካል። 100 ሞላ እንበል። የዚያ ሥራ የአካባቢው ዋጋ 15 ዶላር ነው እንበል። ናቲ 20 ከሞላ 3 ዶላር ይደርሰዋል። በየስድስት ወሩ እንደገና ይለካል።

እኔ ራሴ ስቶፕዎች ይዤ ለክቻለሁ። አንድ ልጅ ነበር፣ ሰዓቱን እጄ ላይ ሲያይ ጣቱ ይንቀጠቀጥበት ነበር። ዘወር ስልለት ይፈጥናል። ግን የሚጻፈው እያየሁት የሠራው ነው። እኔና አንቺ ስንት ቀን ሥራ ላይ ፈዘዝ ብለን እንውላለን? ማንም ስቶፕዎች ይዞብን አያውቅም።

አሁን ዋናውን ስሚኝ። ከጁላይ 2016 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ፣ ዕድሜው 24ና ከዚያ በታች የሆነን ሰው ዝም ብሎ እዚያ ማስገባት አይቻልም። መጀመሪያ ትክክለኛ ሥራ እንዲሞክር መረዳት አለበት። በትምህርት ቤት የሥራ ዝግጅት ማግኘት፣ ለቪ አር ማመልከት፣ የሥራ ምክር ማግኘት አለበት። ቪ አር ማለት ስቴቱ አካል ጉዳተኞችን ሥራ የሚያስይዝበት ቢሮ ነው። ይህ ሁሉ መደረጉ በወረቀት ፋይሉ ውስጥ መኖር አለበት። ነገ ትምህርት ቤቱ ደውዪና "ለቪ አር አመልክተንለታል ወይ?" በያቸው። "ምን ማለትሽ ነው" ካሉሽ አላመለከቱም ማለት ነው።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ናቲ ማንም ሳያዘው ምን ያደርጋል?

ሌሊት ሺፍት | ጃንዋሪ 13

ለጆብ ኮቹ ወንድሜ አክብሮት አለኝ፣ ግን ነገሩን ቀለል አታድርገው። ግሩፕ ሆም፣ አካል ጉዳተኞች በጋራ የሚኖሩበት ቤት ውስጥ፣ 11 ዓመት ሠርቻለሁ፣ እዚህ ካለነው ሀበሾች ግማሹ ይህንኑ ሥራ ነው የሚሠራው መቼም። እኔ ካለሁበት ቤት ሁለት ሰዎች የሚውሉበት ወርክሾፕ፣ ልክ እንደዚያ አዳራሽ ያለው፣ ተዘጋ። "ወደ ትክክለኛ ሥራ ይሸጋገራሉ" ተባለ። አንዱ ግሮሰሪ ገባ፣ በሳምንት ስድስት ሰዓት። ሌላኛው ዓመት ሙሉ ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ የዋጋ ግምት ጨዋታ በቲቪ ያያል። ጓደኞቹን ሁሉ እዚያ አዳራሽ ነበር የሚያገኛቸው። ሕግ ያወጣው ሰው መጥቶ አብሮት አይቀመጥም።

እትዬ ብርቄ | ጃንዋሪ 13

ልጆች፣ እኔም ልናገር። ልጄ 34 ዓመቷ ነው፣ ዳውን ሲንድሮም አላት። 12 ዓመት ወርክሾፕ ትሄዳለች። በሁለት ሳምንት 41 ዶላር አምጥታ ለእኔ ትሰጠኛለች። "እማ ለቡና" ትለኛለች። የመጀመሪያዋን ቼክ ፍሬም አድርገን ሰቅለናታል። እናንተ ቀዳዳ ምናምን ስትሉ እኔ ልጄን የበደልኳት መሰለኝ።

አጃቢው | ጃንዋሪ 13

እትዬ፣ እርስዎ ምንም አልበደሉም። በዚያን ጊዜ በሩ ያ ብቻ ነበር፣ እርስዎም በእሱ አስገቧት። እኔም እዚያው ደመወዝ ስበላ ነበር እኮ።

ግን አንድ ነገር ልበልዎት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና። ያንን የ41 ዶላር ቼክ የሚሰጣት ድርጅት ሹካና ቢላውን በነፃ አይደለም የሚሸጠው። ድርጅቱ ሁልጊዜ ሌባ ነው ማለቴ አይደለም፣ ብዙዎቹ በእርዳታ ነው የሚንገዳገዱት። ግን ዞር ብሎ የሚያይ ከሌለ ነገሩ የት ድረስ እንደሚሄድ ጎረቤታችን አዮዋ ታይቷል። አታሊሳ በምትባል ትንሽ ከተማ ሄንሪስ ተርኪ ሰርቪስ የሚባል ኩባንያ 32 የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ወንዶች አሮጌ ትምህርት ቤት ውስጥ አኑሮ፣ ለዓመታት የቱርክ ዶሮ ሲያስበልት ኖረ። በወር 65 ዶላር ነበር የሚሰጣቸው። በ2009 ነው የተደረሰበት። በ2013 ዳኞች 240 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱላቸው። ሕጉ ለካሳ ጣሪያ አለውና ወደ 1.6 ሚሊዮን ወረደ። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ ከተማው ያያቸው ነበር። ሰላም ይላቸው ነበር።

ሌሊት ሺፍት፣ ስለ ሶፋው ያልከው እውነት ነው። ወርክሾፕ ዘግቶ ምትክ አለማዘጋጀት ሰውን ሜዳ ላይ መጣል ነው። ቨርሞንት ወርክሾፖቹን ከዘጋ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። መጀመሪያ ገንዘቡን ወደ ጆብ ኮች አዞረ፣ ከዚያ ነው በሩን የዘጋው። ቅደም ተከተሉ ነው ልዩነቱ።

ቆጣሪው | ጃንዋሪ 14

ታክስና ቤኔፊት ነው ሥራዬ። ስለ ኤስ ኤስ አይ የሚወራውን ፍርሃት ላስተካክል፣ ሀበሻ መንደር ውስጥ "ልጁ ከሠራ ይቋረጥበታል" የሚል ወሬ ስንቱን ቤት አስቀምጦታል።

በ2025 ሙሉው የፌዴራል ክፍያ በወር 967 ዶላር ነው። ናቲ ከእናንተ ጋ ስለሚኖር መነሻው ሊያንስ ይችላል፣ ስሌቱ ግን ያው ነው። ሌላ ገቢ የሌለው ሰው ሠርቶ ካገኘው ላይ መጀመሪያ 85 ዶላር ይተዉለታል። ከቀሪው ግማሹን ብቻ ነው የሚቆጥሩበት። ሰውየው በወር 600 አገኘ እንበል። 85 ሲቀነስ 515፣ ግማሹ 257.50። 967 ላይ ያ ሲቀነስ 709.50 ይቀርለታል። ደመወዙ ሲጨመር 1,309.50 ሆነ። በወርክሾፕ 80 ዶላር የሚያገኝ ሰው ምንም አይቀነስበትም፣ ጠቅላላው ግን 1,047 ነው። የቱ ይሻላል?

ናቲ ደግሞ ገና ተማሪ ነው፣ ከ22 ዓመት በታች ነው። ለተማሪ የተለየ ነው፤ በ2025 በወር እስከ 2,350፣ በዓመት እስከ 9,460 ዶላር ድረስ የሠራው ጭራሽ አይቆጠርበትም። ስለዚህ ትምህርት ሳይጨርስ ሥራ ቢጀምር ነው የሚያተርፈው።

የኤስ ኤስ አይ ጥሬ ገንዘብ በደመወዙ ምክንያት ዜሮ ቢሆን እንኳ፣ ሜዲኬይዱ (የመንግሥት የጤና ኢንሹራንሱ) እንዲቀጥል የሚያደርግ ሕግ አለ። ኤስ ኤስ አይ የሚከፍለው ቢሮ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ስትደውሉ "1619(ቢ)" በሏቸው፣ ያውቁታል። የሚያስፈራው ሌላ ነው። በስሙ ከ2,000 ዶላር በላይ ባንክ ማስቀመጥ አይችልም። ይህ ቁጥር ከ1989 ጀምሮ ንቅንቅ አላለም፣ አንድ ሺህ ጊዜ ሁሉም ነገር ሲወደድ እሱ እዚያው። ለዚህ ኤብል አካውንት የሚባለውን የአካል ጉዳተኞች የቁጠባ ሂሳብ ክፈቱለት፣ እዚያ ውስጥ እስከ 100,000 ድረስ ያለው አይቆጠርበትም። ፔይስተቡን (የደመወዝ ወረቀቱን) ደግሞ በየወሩ ሪፖርት አድርጉ። ካላደረጋችሁ ከሁለት ዓመት በኋላ "መልሱ" የሚል ደብዳቤ ይመጣል፣ ያኔ እኔ ቢሮ መጥታችሁ ታለቅሳላችሁ።

ግዮን እንጀራ | ጃንዋሪ 14

እህቴ፣ እኔ እዚሁ ከተማ እንጀራ ጋግሬ አከፋፍላለሁ። ልጁን አምጪው፣ ማሸግ ያግዘናል። በቀን 40 ዶላር በእጁ እሰጠዋለሁ። ኤስ ኤስ አይውም አይነካም።

ቆጣሪው | ጃንዋሪ 14

ወንድም ግዮን፣ ልብህ ጥሩ ነው፣ ግን ይህ ነገር ልጁን ነው የሚጎዳው። በእጅ የተከፈለም ገንዘብ ገቢ ነው። እጁ ከተቆረጠ ኢንሹራንስ የለው፣ ነገ ሌላ ቦታ ሲያመለክት የሠራበት ማስረጃ የለው። ስንት ሰዓት ነው ደግሞ 40 ዶላሩ?

ግዮን እንጀራ | ጃንዋሪ 14

ሰባት ስምንት ሰዓት። እሺ፣ ገባኝ። ሌሎቹን የምከፍለውን እከፍለዋለሁ፣ በቼክ።

አጃቢው | ጃንዋሪ 14

ግዮን፣ ተባረክ። ግን ናቲ እንጀራ ማሸግ ይወዳል ወይ? ሀበሻ ስለሆነ ብቻ እንጀራ ቤት አናስገባው። እናቱ ጥያቄዬን አልመለሰችልኝም።

የናቲ እናት | ጃንዋሪ 15

አስቤ አስቤ ነው የዘገየሁት። ማንም ሳያዘው የሚያደርገው ያልከውን።

ጫማ ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ በር ላይ የወለቀውን ጫማ ሁሉ ይደረድራል። ሁለት መቶ ሰው ይመጣል። ሰው ሲወጣ፣ ገና ደጁ ላይ ሳይደርስ ናቲ ጫማውን አንስቶ ያቀብለዋል። ተሳስቶ አያውቅም። አንድ ቀን ሁለት ተመሳሳይ ጥቁር የወንድ ጫማ ነበር፣ ሽማግሌው የሌላውን ሊያጠልቁ ሲሉ "አይደለም" ብሎ ቀማቸው። እውነትም የእሳቸው አልነበረም። እኔ ድሮ አፍር ነበር። ሰው "ምስኪን" እያለ ያልፋል፣ አንዳንዱም አንድ ዶላር ይወረውርለታል። ለማኝ መሰላቸው። ሁለተኛ እንዳይነካ ከልክዬው ነበር፣ ቅዳሴውን ሙሉ ሲያለቅስ ዋለና ተውኩት።

አጃቢው | ጃንዋሪ 15

እህቴ፣ ይህንን ጽፈሽ እኔ ቁጭ ብዬ ሦስቴ አነበብኩት።

ሁለት መቶ ሰው! እኔ የራሴን ካልሲ አጣምሬ አላውቅም። ይሄ ልጅ ሹካ ላስቲክ ውስጥ እንዲከት ነው የታሰበው?

በ1996 ሲንሲናቲ የልጆች ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ኤሪን ሪል የምትባል ነርስ ነበረች። የዕቃ መደርደሪያዎቹን በትክክል የሚሞላላት ሰው አጣች፣ ተቀጣሪው ሁሉ ይሰለቸዋል። ለምን የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ወጣቶች አይሠሩትም ብላ ተነሳች። ከዚያ ነው ፕሮጀክት ሰርች የተወለደው። ወጣቶቹ አንድ የትምህርት ዓመት ሙሉ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሦስት ክፍሎች እየተዘዋወሩ ይሠራሉ። ሚኒሶታም አለ። ካልሆነም የቪ አር ሠራተኛዋን "ዕቃ ከባለቤቱ ጋር የሚያገናኝ ሥራ" በያት። ልብስ ማደያ፣ የመሣሪያ ክፍል፣ የሆቴል የጠፋ ዕቃ። ጫማውን ስትናገሪ እንዳታፍሪ። ቪዲዮ አንሥተሽ ውሰጂላት።

የሰበታ ልጅ (አዲስ አበባ) | ጃንዋሪ 19

ከዚህ ሆኜ እያነበብኩ ነው፣ በጆሮዬ ማለቴ ነው። ዓይነ ስውር ነኝ። ሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምሬ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሕግ ጨርሻለሁ።

እኛ ጋ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚባል ነገር ለማንም የለም፣ የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቦርድ ይቋቋማል ብሎ አስቀምጦት ነው ያለው። ስለዚህ "ከወለሉ በታች" ለማለት እንኳ ወለል የለንም። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት ግን በ2000 ዓ.ም. የወጣ አዋጅ ቁጥር 568 አለ። አሠሪው ለሥራው የሚያስፈልገውን ምቹ ሁኔታ እንዲያሟላ ያስገድዳል።

እኔ በዚያ ተቀጠርኩ። ደመወዜ ከጓደኞቼ እኩል ነው፣ ሳንቲም አይጎድልም። ግን ፋይሉ ሁሉ ወረቀት ነው። ኮምፒውተሬ ላይ የሚያነብልኝ ፕሮግራም ይጫንልኝ ብዬ ደብዳቤ ጻፍኩ። አለቃዬ "አንተ ምን አስጨነቀህ፣ አረፍ በል" አለኝ። ሁለት ዓመት አረፍኩ። ጠዋት ገብቼ፣ ፈርሜ፣ ሻይ ጠጥቼ፣ የሌሎችን ኪቦርድ ስሰማ ውዬ እወጣ ነበር። በፔሮል ላይ ሠራተኛ ነኝ። እኅቴ ሆይ፣ እነዚያ 3 ዶላር የሚከፈላቸው ሰዎች ቢያንስ እጃቸው ይንቀሳቀሳል ብዬ ቀናሁባቸው፣ እውነቴን ነው።

ያወጣኝ ከሌላ ክፍል የተዛወረች ልጅ ናት። አንድ ቀን ሰነፍ ናት ወይ ጎበዝ አላውቅም፣ "ይሄ ውል አልገባኝም፣ ላንብብልህና ንገረኝ" አለችኝ። ነገርኳት። ማግስቱን ሌላ ይዛ መጣች። አሁን እሷ ታነባለች፣ እኔ አስተያየቱን አጽፋለሁ፣ ሁለታችንም እንፈርማለን። ፕሮግራሙ እስካሁን አልተጫነም።

ሌሊት ሺፍት | ጁላይ 9፣ 2025

ይህንን ክር ልቀስቅሰው። ሌበር ዲፓርትመንት ባለፈው ዲሴምበር እነዚያን ሰርተፊኬቶች ቀስ በቀስ ለማስቀረት ደንብ አርቅቆ ነበር። በዚህ ሳምንት ረቂቁን ስቧል። ኮንግረስ ካልሻረው አንቀጽ 14(ሲ) ይቀጥላል ማለት ነው። ሜሪላንድ ከ2020 ጀምሮ አስቀርታለች፣ ሚኒሶታ ግን አሁንም ይፈቅዳል። የናቲ እናት፣ ምን ደረሳችሁ?

እትዬ ብርቄ | ጁላይ 10

እኔ ልመልስ እስከዚያው። ልጄን ሳልነግራት ቪ አር ወሰድኳት። ሴትዮዋ ስንት ትፈልጊያለሽ ስትላት "አርባ አንድ" አለቻት። ቁጥሩን ለምዳው ነው። አሁን ሐሙስ ሐሙስ የአረጋውያን ማቆያ ሄዳ ጠረጴዛ ታሰናዳለች፣ ሙሉ ክፍያ። ሌላውን ቀን ወርክሾፗ ትሄዳለች፣ ጓደኞቼን አልተውም ብላለች። እኔም አላስገድዳትም።

የናቲ እናት | ኖቬምበር 23፣ 2025

ጠፋሁ አይደል? ይቅርታ።

ቪ አር ሦስት ወር ፈጀ። የመጀመሪያው ሙከራ ግሮሰሪ ነበር፣ በአሥር ቀን ወጣ። ሙዚቃው ነው፣ ጆሮውን ይዞ መጋዘን ውስጥ ተደበቀ። ሁለተኛው ሆስፒታል ነው፣ የሠራተኞች ልብስ የሚታደልበት ምድር ቤት ክፍል። ልብሱ በቁጥር አይደለም የሚለየው፣ አንገቱ ላይ ባለው የክር ቀለም ነው። ናቲ በሁለት ቀን ውስጥ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ማን የቱን እንደሚለብስ ያዘ። ሰው ሊፍት ሲከፍት ልብሱ ወጥቶ ይጠብቀዋል።

እዚያ ላይ ነው ችግር የመጣው። አንዲት ነርስ ትንሹን ስትጠይቀው "አይደለም" ብሎ መካከለኛውን ሰጣት። ደግማ ጠየቀች፣ ደግሞ "አይደለም"። አለቃ ዘንድ ሄደች። እኔ በቃ አበቃለት ብዬ ነበር። ጆብ ኮቹ መጥቶ ባንኮኒው ላይ የቀለም ካርዶች ደረደረ፣ ሰው የሚፈልገውን ካርድ ያነሣል፣ ናቲ የተነሣውን ይሰጣል። ጭቅጭቅ የለም። አሁን ሌሎቹም ሠራተኞች በዚያው ካርድ ነው የሚሠሩት፣ እንግሊዝኛ ለሚቸግራቸው ተመችቷቸዋል።

በሰዓት 17.25፣ በሳምንት 16 ሰዓት። ጆብ ኮቹ መጀመሪያ ስድስት ሳምንት ሙሉ አብሮት ይውል ነበር፣ አሁን በሳምንት አንድ ሰዓት ብቅ ይላል። ምሳውን ከአንዲት የሞንግ (የደቡብ ምሥራቅ እስያ ሕዝብ ናቸው) ሴት ጋር ነው የሚበላው። ምንም አይነጋገሩም። እሷ ሩዟን ታካፍለዋለች፣ እሱ ደፎ ዳቦ ይሰጣታል። አካል ጉዳተኞችን የሚያመላልሰው የሜትሮ ሞቢሊቲ መኪና መዘግየት ግን ነፍሴን እያወጣው ነው፣ ለዚያ መላ ያለው ሰው ቢነግረኝ።

ባለፈው ሳምንት አለቃው ሰዓት ሊጨምርለት ፈለገና እሑድ ጠዋት ትመጣለህ ወይ አለው። እኔ ስልክ ላይ ነበርኩ፣ ሰማሁት። ናቲ ራሱን ነቀነቀ።

"እሑድ ሥራ አለኝ" አለው። "ጫማ።"